የተሻገር ጉሮሮ

ጣሊያን ከወጣ አሥር ዓመት ግድም ነው። ጥቅምት ሊያልቅ ሲል የጋይንት ቤተ ልሔም የድጓ መምህር መሪጌታ ቀለመ ወርቅ ተማሪዎቻቸውን ከዛፉ ሥር ሰበሰቡና የመጪውን ወር ጉዳይ ተናገሩ። ለኅዳር ጽዮን በዓል ማኅሌት የሚቆመው፣ እንጨት የሚለቅመው፣ ግቢውን የሚጠርገው ማን ማን እንደሆነ አንድ በአንድ አስታወቁ። ከዚያ ወደ ጤና ነገር ዞሩ። ባለፈው ክረምት ተስቦ ገብቶ ተማሪ ስለወሰደባቸው በዚህ ነገር ቀልድ አያውቁም። ልብሱን ያላጠበ ከጉባኤ እንዳይቀርብ፣ የታመመም ጎጆው ውስጥ ተሸሽጎ እንዳይተኛ፣ ሁሉም በየማለዳው ጠበል እንዲጠጣ አዘዙ።

«ጠጡ ነው ያልኩ» አሉ ጣታቸውን አንስተው። «በዚህ ውርጭ ገብታችሁ ተዘፍዘፉ አላልኩም። የሰው ልጅ ተልባ አይደለም።»

ተማሪው ሳቀ። መሪጌታ ግን አልሳቁም፤ ቀጥለው ከጽዮን ማግሥት ድጓ የሚያስመሰክሩትን ሁለት ሰዎች ጠሩ። ሁለተኛው ተሻገር አበጀ ነበር።

ማስመስከር ማለት ድጓውን ከዳር እስከ ዳር በመምህር ፊት አዚሞ «ይህ ሰው አውቋል፤ ወጥቶ ይምራ፣ ያስተምር» መባል ነው። ተሻገር ለዚች ቀን ሲል ከስማዳ ወጥቶ ሰባት ዓመት በጋይንት ቆይቷል። በየደጁ ቁራሽ ሲለምን ውሻ ነክሶታል፤ ብራና ፍቆ፣ ቀለም በጥብጦ፣ ድጓውን በገዛ እጁ ጽፏል። መልኩ እንዲህ ነው የሚባል አልነበረም፤ ቁመቱም አጠር ያለ ነው። አፉን ከፍቶ ሲያዜም ግን መንገደኛ ጭነቱን አውርዶ ይሰማዋል። እግዜር የሰጠው ያንን ብቻ ነው፤ እሱም ያውቀዋል።

ያን ቀን ስሙ ሲጠራ ደስ አላለውም፤ «ብወድቅስ?» ብሎ ደነገጠ። ምክንያቱም ስማዳ ያለችው እናቱ ውባለም የምትኖርበት መሬት የአባቱ የመሪጌታ አበጀ የአገልግሎት መሬት ነው። አባቱ በግራር አምባ ገብርኤል ማኅሌት እየመራ፣ በዚያ ምክንያት ቤተ ክርስቲያኑ የሰጠውን መሬት እያሳረሰ ሲኖር ሞተ። እንዲህ ያለው መሬት ደግሞ ቆሞ የሚዘምርለት ካጣ ወደ ሌላ ያልፋል። የደብሩ አለቃ፣ አለቃ ደምሌ፣ «ልጁ ተማሪ ነው» ብለው ታግሠው ነበር። ዘንድሮ ግን በመስከረም አንድ መንገደኛ የእናቱን መልእክት አመጣለት፤ ለታኅሣሥ ገብርኤል አስመስክሮ መጥቶ ማኅሌቱን ካልመራ መሬቱ ለሌላ ሊሰጥ ነው። «የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል፤ ድረስልኝ በለው» ብላለች።

ተሻገር ይህን ለማንም አልተናገረም። በጉባኤ ቤት የመሬት ወሬ ማንሣት ነውር መሰለው። መሪጌታ ሰምተው «ለካ ሰባት ዓመት የደከምከው ለጤፍ ማሳ ነው» የሚሉት መሰለው። ኩራት ቢሉት ኩራት ነው፤ እውነተኛ ስሙ ግን ሞኝነት ነበር።

በነጋታው ሌላው ተማሪ ጠበል በቅል ጠጥቶ ሲመለስ እሱ ልብሱን ጥሎ ገባበት። ውርጩ ሳሩን ሁሉ አንጥቶታል። በረከቱ ይበልጥልኛል ብሎ ነው። ከዚያ ወጥቶ፣ ጥርሱ እየተንገጫገጨ፣ ከጉባኤው በፊትም ከጉባኤው በኋላም እስኪመሽ ሲያዜም ዋለ። እንዲህ እያደረገ ሰነበተና አንድ ጧት ተነሥቶ አፉን ቢከፍት ከጉሮሮው የወጣው የበር ማጠፊያ ድምፅ ነበር።

ተማሪ ቤት ሰው ከታመመ ሁሉም ሐኪም ነው። አንዱ ዳማ ከሴ ጨምቆ አጠጣው። አንዱ ፌጦ በማር ለውሶ አላሰው። አንዱ ነጭ ሽንኩርት አስዋጠው፤ ሌላው ትኩስ አመድ በጨርቅ ቋጥሮ አንገቱ ላይ አሰረለት። የጎጆ ጓደኛው ይርጋ የእስቴ ልጅ ነው፤ አምና አስመስክሮ ታናናሾቹን እያስጠና የቀረ፣ ድምፁ ወፍራም፣ ሆዱም ከድምፁ የማያንስ ቀልደኛ።

«ተሻገር፣ ቅመሙ ሁሉ ገብቶብሃል፤ ጨው ብቻ ነው የቀረህ» አለው። «ጨው ከጨመርንብህ ወጥ ነህ።»

ተሻገር አልሳቀም። ጣቱን ጉሮሮው ላይ አድርጎ ወደ ሰማይ ያይ ነበር።

መሪጌታ አስጠሩት። ፊቱን ወደ ፀሐይ አዙረው፣ አፉን አስከፍተው አዩ።

«ቀልቷል፤ ሌላ የለበትም» አሉ። «ጠበል ውስጥ እንደገባህም ነግረውኛል፤ እሱን ሌላ ቀን እንነጋገርበታለን። አሁን ዝም በል። በጆሮህ ተማር፤ በአፍህ አንዲት ቃል እንዳታዜም። የደከመ በሬ ይፈታል እንጂ አይገረፍም።»

«ጽዮን ደረሰ እኮ የኔታ» አለ፣ በሹክሹክታ።

«ይድረስ። ለጽዮን ባይሆንልህ ለልደት አስመሰክርሃለሁ። ልደት ሩቅ ነው እንዴ?»

ልደት ሩቅ አልነበረም፤ ግን ከገብርኤል በኋላ ነው። እዚህ ላይ አፉን ከፍቶ «የኔታ፣ እንዲህና እንዲህ ያለ ነገር አለብኝ» ቢል ኖሮ ይህ ሁሉ ታሪክ ባልኖረ። ያ የደነቆረ ኩራቱ ያዘውና «እሺ የኔታ» ብሎ ጉልበታቸውን ስሞ ወጣ።

ጥቂት ቀን ዝም ብሎ ሞከረ። ዝምታው ግን እረፍት አልሆነለትም። እንቅልፍ በያዘው ቁጥር የአባቱን ማሳ ሌላ ሰው ሲያርሰው፣ እናቱም ዕቃዋን ተሸክማ ከደጅ ስትወጣ ያያል። ይባንንና ቀስ ብሎ ድምፁን ይሞክራል። ያው ነው። ቢብስ እንጂ አይሻልም። ያኔ አንድ ሥራ ፈት ተማሪ «እንጥልህ ወርዶ ነው የዘጋህ፤ ካልተቆረጠ አይከፈትም» አለው። ይህን ነገር ሌሎች መቶ ጊዜ ሰምተው ትተውታል፤ ተሻገር ግን እንደ ወንጌል ተቀበለው።

አርብ ማልዶ ተነሥቶ፣ ለይርጋ እንኳ ሳይነግር፣ አርብ ገበያ ወረደ። ገበያው ገና አልሞላም፤ ገብስ የጫኑ አህዮች በየአቅጣጫው እየገቡ ነበር። እንጥል የሚቆርጠውን ቢሻውን ከጨው ተራ ጀርባ አገኘው። ቢሻው ክፉ ሰው አልነበረም። የጎረቤቱን ሕፃን ሁሉ የቆረጠ፣ በእጁ የሚታመን ሽማግሌ ነው።

«ሕፃኑ የታለ?» አለው።

«እኔ ነኝ።»

ቢሻው ከእግር እስከ ራሱ አየው። «አንተማ ጢም አብቅለሃል። ሥራህ ምንድን ነው?»

«የድጓ ተማሪ ነኝ።»

«አይ፣ አይሆንም! እኔ ለዘማሪ ቆርጬ አላውቅም። ድምፁን ምን እንደሚያደርገው አላውቅም።»

«ድምፁማ የለም እኮ አባቴ፤ ስማኝ፣ የለም!» ብሎ እግሩ ላይ ወደቀ። «ለገብርኤል ካልደረስኩ እናቴ ሜዳ ላይ መውደቋ ነው። በገብርኤል ይዤሃለሁ!»

በገብርኤል የተያዘ ሰው ምን ያደርጋል? ቢሻው ተነፈሰ፣ አማተበ፣ ጫፉ የታጠፈውን ስለቱን ከአገልግሉ አወጣ። ሁለት ሰው ራሱን ያዘለት። ነገሩ ከማማተቡ ፈጥኖ አለቀ። ከዚያ ደም፤ በአፉ፣ በአፍንጫው፣ በነጠላው ላይ። ተሻገር ግን ደሙን እየተፋ ፈገግ ብሎ ነበር። የተከፈተለት መስሎት ነበር።

እንዴት ወደ ቤተ ልሔም እንደተመለሰ ራሱም አያውቀውም። ትኩሳቱ ጎጆው ውስጥ ጣለው። ይርጋ ቀልዱን ሁሉ ረስቶ የገብስ አጥሚት እየለመነ አመጣለት፤ ግንባሩን በውኃ ያረጥብለታል፤ ሌሊቱን ራሱን ደግፎ ያድራል። የጽዮን በዓል ከበሮው እየተመታ፣ ጸናጽሉ እየተንሿሿ በላያቸው አለፈ። ትኩሳቱ ሲለቀው ተሻገር ውኃ ጠየቀ። ቢጠጣ ውኃው በአፍንጫው ተመለሰ፤ ስለቱ ከእንጥሉ አልፎ ላንቃውንም ቆርጦት ኖሯል።

«ቁስል ነው፤ ይሽራል» አለው ይርጋ፣ ዓይኑን ወደ ሌላ እያዞረ።

ቁስሉስ ሻረ። ተሻገርም አንድ ማለዳ ከመቃብሩ ጀርባ ሄዶ፣ ሰው አለመኖሩን አይቶ፣ ከልጅነቱ ጀምሮ የሚያውቀውን «ሃሌ ሉያ» አነሣ። ሸካራነቱ ለቆታል፤ ጉሮሮው አይሻክርም። ግን ድምፁ ወደ ላይ ሊወጣ ሲል ትንፋሹ በአፍንጫው ያመልጣል፤ ቃሉ ተድበስብሶ፣ የተደፈነ ጋን ውስጥ እንደሚናገር ሰው ሆኖ ይወጣል። ደገመው። ደገመው። አራተኛውን ሲጀምር ከኋላው ሰው አለቀሰ። መሪጌታ ቀለመ ወርቅ ነበሩ፤ መቋሚያቸውን ተደግፈው።

«ምነው ልጄ?» አሉት። «ቅንድብ ላስተካክል ብሎ ዓይን ማጥፋት ከየት መጣ? ለልደት ነው አላልኩህም?»

ያኔ ሁሉን ነገራቸው። መሬቱን፣ እናቱን፣ የአለቃ ደምሌን ቃል፣ የገብርኤልን ቀጠሮ። በዚያ በተድበሰበሰ አንደበቱ እያንዳንዱን ቃል ሁለት ጊዜ እየደገመ ነገራቸው። ሰምተው ሲጨርሱ መሬት ላይ ቁጭ አሉ።

«ደምሌ እኮ የጉባኤ ወንድሜ ነው» አሉ። «አንድ ድጓ ላይ ተደፍተን ነው ያደግነው። እስከ ልደት ታገሠው ብዬ ብልክበት እሺ ይለኝ ነበር። አንዲት ቃል ብትነግረኝ! አሁን ምን ብዬ ልላክበት? ጠብቀው ልበለው? ምኑን ይጠብቅ?»

 ተሻገር ማልቀስም አልቻለም፤ ብቻ ሣሩን ይነጭ ነበር።

መላውን ያመጡት እሳቸው ናቸው። ባለመሬቱ ራሱ መቆም ካልቻለ በእሱ ስም ሌላ ዘማሪ ቢያቆም የአገሩ ሥርዓት ይፈቅዳል። ይርጋን ጠሩት። ይርጋ ለጥምቀት ወደ አገሩ መካነ ኢየሱስ ወርዶ ከዘመዶቹ ጋር ሊኖር ቆርጦ ነበር። ነገሩን ሲሰማ ግን፣

«እስኪሻለው ድረስ እቆምለታለሁ» አለ።

ሦስቱም እንደማይሻለው ያውቁ ነበር። መሪጌታ ይርጋን መረቁት፤ ተሻገርን ደግሞ ራሱን ይዘው ብዙ ጸለዩለት እንጂ ምን ብለው እንደሚመርቁት ቃል አጡ።

ለገብርኤል ዋዜማ ሁለቱ ስማዳ ገቡ። አለቃ ደምሌ የመሪጌታን ቃል ሰምተው፣ ተሻገርን ትክ ብለው አይተው፣ «እግዜር ያጽናህ» አሉት። መሬቱ ለእናቱ ጸና። ይርጋም ከካህናቱ ጋር ወደ ማኅሌቱ ገባ። ተሻገር ግን ወደ እናቱ ቤት መሄድ አልሆነለትም። ምን ብሎ፣ በየትኛው አንደበቱ ይነግራታል? ከቅዳሴ በኋላ እነግራታለሁ እያለ ከደጀ ሰላሙ አጥር ሥር፣ በሽተኛውና ለማኙ ሁሉ በሚቀመጥበት፣ በጋቢው ተሸፋፍኖ አደረ።

ሲነጋ የአገሩ ሰው እየጎረፈ ገባ። እናቱን ገና ከበሩ ላይ አወቃት። ጎብጣለች፤ ፀጉሯ ነጥቷል። ግን ነጭ ለብሳለች፤ ሰው አለቃ ደምሌን ጠቅሶ «ልጅሽ መጥቷል፤ መሬትሽም ጸንቷል» ብሏታል መሰል፣ ፊቷ እንደ ሙሽራ በርቷል። ከእሱ ጥቂት እርምጃ ፊት፣ ከጎረቤቷ ከጌጤ ጎን ቆመች። በዚያው ቅጽበት ከውስጥ የይርጋ ድምፅ ተነሣ። ያ ወፍራም ድምፅ ግድግዳውን አልፎ ሜዳውን ሞላው፤ ሕዝቡ ጸጥ አለ።

ውባለም እልልታዋን አቀለጠችው።

«ሰማሽ ጌጤ? ሰማሽ? የእኔ ነው! የእኔ ልጅ ነው እኮ! አበጀን ከመቃብር አነሣልኝ!»

ተሻገር እንዴት እንደተነሣ አያውቅም። ሄዶ ከኋላዋ ቆመ፤ ነጠላዋን ጫፉን ነካ አደረገው።

«እምዬ» አላት።

ቃሉ በአፍንጫው ወጣ። ውባለም ዓይኗን ከቤተ ክርስቲያኑ ሳትነቅል፣ ፊቷንም ሳትመልስ፣ ከነጠላዋ ቋጠሮ ቁራሽ ዳቦ ፈልጋ አወጣችና እጇን ወደ ኋላ ዘረጋችለት።

«እንካ አባቴ፣ ስለ ገብርኤል» አለችው። «አሁን ግን ዝም በልልኝ። ሰባት ዓመት ጠብቄዋለሁ፤ ልጄን ልስማው።»

ተሻገር በሁለት እጁ ተቀበላት፤ ዝምም አለላት።