የፊርደውስ ጥለት

ልብስ ሰፊው የሱፍ ድሪቶ የሚባለውን ቃል አይወድም። ደጋን በምትባል ትንሽ የወሎ ከተማ ተወልዶ ያደገው ድሪቶ ለብሶና ድሪቶ ተከናንቦ ነው። እናቱ ከየጎረቤቱ የለመነችውን እራፊ በእራፊ ላይ እየደረተች ታለብሰው ነበር፤ የሰፈር ልጆችም ከሩቅ ሲያዩት "ድሪቶው መጣ!" እያሉ ይሳለቁበት ነበር። ለአቅመ አዳም ሲደርስ ወደ ደሴ ወጣና ከአንድ ልብስ ሰፊ ዘንድ ተቀጠረ፤ ያኔ ከእጁ የሚወጣ ልብስ ሁሉ ከአዲስ ጣቃ የተቀደደ እንዲሆን ለራሱ ማለ። መሐላውንም ጠበቀ። ሰኞ ገበያ አጠገብ ካለችው ጠባብ ሱቁ ሙሽራ ለብሳ ያልወጣችበት ዓመት የለም። "የየሱፍ ስፌት አይተረተርም" ይላል ሰው። እሱ ሲባል ይሰማል፤ እንዳልሰማ ሆኖ መኪናውን ይረግጣል፤ ሆዱ ግን በደስታ ይሞላል።

ልጁ ፊርደውስ ኮምቦልቻ የምትሠራበት የልብስ ፋብሪካ ሥራ ቀዝቅዞበት ሠራተኛ ሲቀንስ፣ እሷም ከተቀነሱት አንዷ ሆነች። ሻንጣዋንና አንድ ማዳበሪያ ሙሉ ቁርጥራጭ ጨርቅ ይዛ ቤት ስትገባ የሱፍ ዓይን ያረፈው ማዳበሪያው ላይ ነው።

"ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?"

"ከቅዱ የተረፈ ነው፣ አባ። ሊጥሉት ሲሉ ለምኜ ወሰድኩት። ብርድ ልብስ እሠራበታለሁ።"

"ድሪቶ እሠራበታለሁ በይ እንጂ" አለና ፊቱን አዞረ። ለምኜ ያለችው ቃል ከማዳበሪያው ይልቅ ከነከነው።

ፊርደውስ ግን አባቷን ታውቀዋለች፤ አልተከራከረችም። ከጓዳ ባለችው አሮጌ የእጅ መኪና ቁርጥራጮቹን አንድ በአንድ እየገጣጠመች ሰፋች። መሃሉ ላይ ጥጥ አነጠፈች፣ ከታች ገበር አለበሰችው፣ ሦስቱን ደራርባ ዳር እስከ ዳር በስፌት ጠቀጠቀችው። እናቷ ሸሪፋ አንድ ጊዜ ከተከናነበችው በኋላ አልመልስም አለች። የደሴ ብርድ እንደሆነ የታወቀ ነው፤ የጦሳ ተራራ ጉሙን ሲለቅ አጥንት ይገባል። ጠዋት ጠዋት ጸሐይ እንዲመታው ሸሪፋ በሱቁ በር ላይ ስታሰጣው መንገደኛው ቆም እያለ ያየው ጀመር። የሱፍ ብቻ አያየውም ነበር።

አንድ ቀን አትጠገብ የምትባል የድሮ ደንበኛው ከኮምቦልቻ መጣች። የራሷን የሠርግ ቀሚስ የሰፋላት እሱ ነው። አሁን ደግሞ ልጇን ነፃነትን ልትድር ነው።

"ጋሽ የሱፍ፣ ይሄ በር ላይ ያሰጡት የማን ሥራ ነው?"

"እሱን ተይው፣ የልጅ ጨዋታ ነው።"

"ምን ጨዋታ ይሉታል! ነፃነትን እኮ ኩታበር ልድራት ነው። ኮምቦልቻ ሙቀት ላይ ያደገች ልጅ ያን ብርድ እንዴት ትችለው ይሆን እያልኩ ሐሳብ ገብቶኛል። እንዲህ ያለ ይሠራልኝ። ግን ለሙሽራ የሚሆን ይሁን፤ ዙሪያውን ጥለት ይኑረው። ጥለት የሌለው ነጠላና ሚዜ የሌላት ሙሽራ አያምሩም።"

የሱፍ እንዴት አድርጎ እንቢ እንደሚል ቃል ሲፈልግ ፊርደውስ ከጓዳ ብቅ አለች።

"ይሠራል፣ እትዬ" አለች።

የመሃሉ ሥራ ያለ ችግር አለቀ። ነጭና ወተት የመሰሉ አራት ማዕዘኖች ተገጣጥመው አልጋ የሚያህል ሆኑ። ከዚያ ጥለቱ ተጀመረ። ፊርደውስ ከካርቶን ሦስት ማዕዘን ቀረጸችና በዚያ ልክ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ጨርቆችን ቆረጠች፤ በመካከላቸው ነጭ እያስገባች አያያዘቻቸው። ጫፍ ለጫፍ ተሰልፈው ሲታዩ የተራራ ሰንሰለት ይመስላሉ። የሱፍ አላይም ያለውን ሥራ በስርቆት ያይ ጀመር። አንድ ከሰዓት በኋላ አላስቻለውምና የያዘውን ሱሪ አስቀምጦ ተነሣ።

"ይሄ ነገር በእኔ ሱቅ ስም ነው የሚወጣው። ጥለቱን እኔ እገጥመዋለሁ።"

"እሺ አባ። ግን ስትለካ ዳሩን ይዘህ አትለካ፤ መጀመሪያ..."

"አንቺ ሳትወለጂ ይቺ ሜትር አንገቴ ላይ ነበረች" አላት። ሜትሩን ይዞ በአራቱም ዳር ዳር ለካ፣ በዚያው ልክ ጥለቱን ቆረጠ፣ በመኪናው አስገብቶ ቀጥ አድርጎ ሰፋው። ስፌቱ በክር የተሰመረ ያህል ቀጥ ያለ ነበር። በኩራት አነሣና አልጋ ላይ ዘረጋው።

ጥለቱ አልተኛም። መሃሉ ጠፍጣፋ ሆኖ ሳለ ዙሪያው እንደ ክረምት የቦርከና ወንዝ ከፍ ዝቅ ይላል። ጥጎቹማ የባሰ ነበሩ፤ በአንዱ ጥግ ሦስት ማዕዘኑ ግማሹን ተቆርጧል፣ በሌላው ሁለት ጫፎች ተጋጭተው ቆመዋል።

"ካውያ ያቃናዋል" አለ የሱፍ። ተኮሰው። ካውያው ሲያልፍ ይተኛል፤ ሲነሣ መልሶ ያብጣል። ደግሞ ተኮሰው። ግንባሩ ላብ አወጣ።

"አባ" አለች ፊርደውስ ቀስ ብላ፣ "መተርተር አለበት።"

"ምን?"

"ጥለቱ በሙሉ መተርተር አለበት።"

የሱፍ ካውያውን አስቀመጠ። "የእኔ ስፌት ተተርትሮ አያውቅም! በጃንሆይ ጊዜ ከነበሩት ሰፊዎች ጀምሮ ጠይቂ!" አለና የዐስር ሰላት ሳይደርስ ቆቡን አጥልቆ ወጣ።

መስጊድ ሰግዶ ከወጣ በኋላም ወዲያው አልተመለሰም። ከደጁ ካለው ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። የሚያልፈው ሁሉ "አሰላሙ አለይኩም" ይለዋል፣ ይመልሳል፤ ልቡ ግን እዚያ አልጋ ላይ ነው። ያበጠው ጥለት ዓይኑ ላይ እየመጣ አላስቀምጥ አለው። ቤቱ ሲደርስ ሸሪፋ በሩ ላይ ቆማ ጠበቀችው።

"ተናድደህ ወጣህ አሉ።"

"ልጅሽ ስፌትህን ተርትር አለችኝ።"

"እና ስፌቱ ይተርተር ወይስ ስምህ ይተርተር? ያ ነገር እንዲያ አብጦ ኮምቦልቻ ሲደርስ የማን ስም ነው የሚነሣው?"

የሱፍ ገባ። ፊርደውስ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣለች፤ አንድም ክር አልነካችም። ሳይፈቅድ አልነካም ብላ እንደጠበቀችው ገባው፤ ይህ ከምንም በላይ አሸነፈው። ከመሳቢያው ሁለት ምላጭ አወጣ፤ አንዱን ሰጣት፤ ከጎኗ ተቀምጦ የራሱን ስፌት ይተረትር ጀመር። ሲጨርሱ ሜትሩን ከአንገቱ አወለቀና ዘረጋላት።

"በይ አሳዪኝ። ቢስሚላህ።"

ፊርደውስ ልብሱን ለሁለት አጠፈችና ሜትሩን በዳሩ ሳይሆን በመሃሉ ላይ ዘረጋችው። "ተመልከት አባ። ዳሩን ብዙ እጅ ነክቶታል፤ ስንስበው፣ ስናገላብጠው ተለጥጧል። በዚያ ልክ ጥለት ከቆረጥን ጥለቱ ይረዝማል፤ የረዘመው ደግሞ የት ይሂድ? ያብጣል። መሃሉን ግን ማንም አልጎተተውም። መሃሉ አይዋሽም።"

የሱፍ ጺሙን አሻሸ። ዕድሜውን ሙሉ የሰፋው ለሰው ገላ ነው፤ ትከሻ አለ፣ ወገብ አለ፣ ጨርቁ ተርፎ ቢመጣ ሰውነት ይሸፍነዋል። እንዲህ እንደ ሜዳ የተዘረጋ ነገር ሰፍቶ አያውቅም።

"ጥጉስ?" አለ። "ጥጉን ምን ታደርጊዋለሽ?"

"እሱ ነው ያስቸገረኝ።" ሦስት ማዕዘኖቹን በጣቷ እየገፋች ጥጉ ላይ አሰለፈቻቸው። አንዴ ደረደረች፣ አፈረሰች። እንደገና ደረደረች። የሱፍ አልቸኮለም፤ ድሮ እሷ ልጅ ሳለች መርፌ ላይ ክር ስታስገባ ይታገሣት እንደነበረው ታገሠ። በመጨረሻ ቀና አለች።

"ሁሉም ወደ አንድ ወገን ስለሚሄዱ ነው ጥጉ ላይ የሚጋጩት። በየዳሩ መሃል ላይ አንድ የአልማዝ ቅርጽ እናስገባ። ከሱ ጀምረን ግማሹን ወደ ግራ፣ ግማሹን ወደ ቀኝ እናስኪዳቸው። ያኔ አራቱም ጥግ አንድ ዓይነት ይሆናል። የቀረችውን ትንሽ ልዩነት ደግሞ አልማዙ ይውጣት።"

የሱፍ ዓይኑን ጨፍኖ በሐሳቡ ደረደረው። ግራ፣ ቀኝ፣ ጥግ። ልክ ነው። ከፋብሪካ የተማረችው አይደለም፣ እሱም አላስተማራትም፤ አሁን እዚሁ፣ ከፊቱ ተቀምጣ ያወጣችው ነው።

"ማሻአላህ" አለ በለሆሳስ። ከዚያ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ "በይ ስፌቱ የእኔ ነው፣ አንቺ ያዢልኝ።"

እሷ መሃሉን ከመሃል፣ ጥጉን ከጥግ በስፒል እያያዘች፣ እሱ መኪናውን እየረገጠ፣ በነጋታው ሲሠሩ ዋሉ፤ ጥጥና ገበሩንም አለበሱት። አልጋ ላይ ሲዘረጋ ጥለቱ ዙሪያውን ጸጥ ብሎ ተኛ። አራቱ ጥጎች እንደ መንታ ይመሳሰላሉ። የሱፍ መዳፉን በጥለቱ ላይ እያስኬደ አልጋውን ዞረ። አረንጓዴዋ ሦስት ማዕዘን ጋ ሲደርስ እጁ ቆመ። እናቱ የደረተችለት ልብስ ደረቱ ላይ አንዲት አረንጓዴ እራፊ ነበረችው፤ ከሁሉም ያልደበዘዘችው እሷ ነበረች። ለምን ደረቱ ላይ፣ ለምን ጀርባው ላይ አልሆነችም ብሎ አስቦ አያውቅም። ለካ እናቱም ትመርጥ ኖሯል። ለካ ባላት ነገር ልጇን ልታሳምረው ነው የጣረችው። ዓይኑ እርጥብ አለ፤ ፊርደውስ አይታ እንዳላየች ክሯን መጠቅለል ያዘች።

ብርድ ልብሱን ይዘው አብረው ኮምቦልቻ ወረዱ። የአትጠገብ ቤት በሠርግ ዝግጅት ይታመሳል። ልብሱ ተዘርግቶ ሲታይ ሴቶቹ ከየሥራቸው እጃቸውን እየጠረጉ መጡ። ከእነሱ መካከል አባይነሽ የሚባሉ፣ ከኩታበር የመጡ የሙሽራው አክስት ነበሩ። ፊታቸው አይፈታም። መነጽራቸውን አድርገው አንዱን ጥግ አዩ፣ ሁለተኛውን አዩ፣ አራቱንም ዞሩ። ከዚያ ልብሱን ገልብጠው ጀርባውን መረመሩ። የሱፍ ጣታቸው ያለፈበትን ስፌት ሁሉ በዓይኑ ተከተለ።

"ነውር የለበትም" አሉ አባይነሽ በመጨረሻ። "ፊቱም ጀርባውም ያው ነው። የማን እጅ ነው ይሄ?"

"የየሱፍ ነዋ!" አለች አትጠገብ። "የእኔንም የሠርግ ልብስ..."

"የእኔ አይደለም" አለ የሱፍ። ሁሉም ዞር አሉ። "የልጄ ነው፤ የፊርደውስ። እኔ መኪናውን ነው የረገጥኩላት። መጀመሪያ እኔ ብቻዬን ሞክሬው ነበር፣ አበላሸሁት፤ ወላሂ አበላሸሁት። ከዚያ እሷ አስተረተረችኝና እሷ አስተካከለችው።"

ፊርደውስ መሬት መሬት አየች። ሙሽራዋ ነፃነት ብርድ ልብሱን ከነጥለቱ ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ እየሳቀች፣ "እንግዲህ ኩታበር ብርዱን ያምጣ!" አለች፤ እልልታው ቀለጠ። አባይነሽም ፊታቸው ተፈታ፤ ፊርደውስን ሳብ አድርገው ጉንጭ ጉንጯን ሳሟት።

ሳይመሽባቸው፣ ገና ጸሐይ ሳለች ወደ ደሴ በሚወጣው ሚኒባስ ተሳፈሩ። የሱፍ በተፈጥሮው መንገድ ላይ ዝምተኛ ነው። የዚያን ቀን ግን የሐረጎን ጥምዝምዝ ዳገት ሳይጀምሩ አጠገቡ የተቀመጠችውን የማያውቃትን ሴት ወሬ ጀመራት። ስልኩን አውጥቶ የብርድ ልብሱን ፎቶ አሳያት፤ ጣቱን ጥጉ ላይ እየጠቆመ፣ "ይቺን አየሻት? እዚህ ላይ ነው ሁሉም የሚሳሳተው" አላት። ከኋላ የተቀመጡት ሽማግሌም ስልኩ ይተላለፍልን አሉ። ረዳቱ ሳይቀር አንገቱን አስግጎ አየ። የሱፍ መሃሉ እንዴት እንደሚለካ፣ አልማዙ ለምን እንደሚገባ በእጁ አየሩን እየቀደደ አስረዳቸው። ፊርደውስ በሂጃቧ ፊቷን ሸፍና፣ "አባ፣ በአላህ ይበቃል" ትለዋለች፤ ከሂጃቧ ሥር ግን ትስቃለች።

"አብሽሪ፣ የሚያኮራ ነገር ነው" አለቻት ሴትዮዋ። ከዚያ ወደ የሱፍ ዞረች። "ይሄን ሁሉ ያውቃሉና፣ እርስዎስ ሥራዎ ምንድን ነው?"

የሱፍ ጋቢውን አስተካከለና ደረቱን ነፋ።

"እኔማ" አለ፣ "የፊርደውስ አባት ነኝ።"