የጋሽ መሸሻ የሙከራ ሞት

ሔለንና የኔሰው ወራት ፈጅተው የሠሩትን የስልክ መተግበሪያ «ጥሩምባ» ብለው ሰይመውታል። ሥራው ቀላል ነው። የዕድር አባል ሲሞት አንድ ቁልፍ ትጫናለህ፤ መልእክቱ ለአባላቱ ሁሉ ይደርሳል፤ ድንኳን የሚተክለው፣ ወንበር የሚያወጣው፣ ንፍሮ የሚቀቅለው ማን እንደሆነም አብሮ ይናገራል። ጥሩምባ ነፊ በየመንደሩ እየዞረ ውሻ የሚያስጮህበት ዘመን አብቅቷል፤ ቢያንስ ሔለን እንደዚያ ታምናለች። እሷ ወሬውን፣ የኔሰው ኮዱን ይዘዋል። ተገላብጦ ቢሆን ሁለቱም በረሃብ ባለቁ ነበር።

ዘነበወርቅ አካባቢ አንድ ፎቅ ላይ የስታርትአፕ፣ ማለትም የጀማሪ ድርጅቶች፣ የውድድር ምሽት ሲዘጋጅ ተመዘገቡ። አዘጋጁ ዘርዓብሩክ «እውነተኛ ተጠቃሚ ይዛችሁ ኑ» ስላላቸው የሰፈራቸውን የዕድር ዳኛ ጋሽ መሸሻን ለመኑ። ጋሽ መሸሻ በልጅነታቸው ከዳውሮ መጥተው 18 ማዞሪያ ላይ ጨርቅ ሲሸጡ ያረጁ ሰው ናቸው። የአባላቱን ስልክ ቁጥር ለልጆቹ የሰጡትም እሳቸው ናቸው። ምሳ ላይ ከባለቤታቸው ከእትዬ አልማዜ ጋር ተኮራርፈው ስለነበር ግብዣው እፎይታ ሆነላቸው። ሱፋቸውን ግጥም አድርገው መጡ።

በር ላይ አንዲት ልጅ ደረታቸው ላይ «ተጠቃሚ» የሚል ወረቀት ለጠፈችባቸው።

«ምኑን ነው የምጠቀመው?» አሉ።

«ፕሮዳክቱን ነዋ፣ ጋሼ።»

«ሱሰኛ አስመሰላችሁኝ» አሉ፤ ግን አልነቀሉትም።

አዳራሹ ውስጥ ከአስኮ እስከ ዘነበወርቅ ላፕቶፕ ያለው ሁሉ ተሰብስቧል። ሁሉም መሥራች ነው፤ ተቀጣሪ የሚባል ፍጡር ለመድኃኒት አይገኝም። ይጨባበጣሉ፣ ካርድ ይለዋወጣሉ፣ እየተጨባበጡም የተሻለ ሰው ገብቶ እንደሆነ በጨበጡት ሰው ትከሻ ላይ አሻግረው በሩን ያያሉ። ጋሽ መሸሻ ይህን ትንሽ ተመልክተው «ሙሽራ የጠፋበት ሠርግ ነው» አሉና ሳምቡሳው አጠገብ ሰፈሩ።

ለውሾች የልደት ኬክ በሞተር ሳይክል የሚያደርስ ልጅ ሐሳቡን አቅርቦ ሲወርድ ተራው የሔለን ሆነ። ማይኩን ይዛ «በዚህ ከተማ ደንበኛ የማያጣው ገበያ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ሞት ነው» ብላ ጀመረች። ዳኞቹ ወንበራቸው ላይ ተቁነጠነጡ። «አሁን በተግባር እናሳያችኋለን። ለምሳሌ እንበልና ማን ይሙት?»

መሥራቹ ሁሉ ጫማውን ማየት ጀመረ።

«እኔን ግደሉኝ» አሉ ጋሽ መሸሻ፣ ሳምቡሳቸውን ዋጥ አድርገው። «ሌላ ሰው ሟርት ነው ይላል።»

ተሳቀ። ሔለን ስማቸውን ጻፈችና «አሳውቅ» የሚለውን ተጫነች። የኔሰው የደነገጠው ያኔ ነው። መተግበሪያውን ጠዋት ከእውነተኞቹ ስልክ ቁጥሮች ጋር አገናኝቶት ነበር፤ ለሙከራው ወደ ሐሰተኞቹ ቁጥሮች መመለሱን ግን ረስቶታል።

የጋሽ መሸሻ የደረት ኪስ ጢው አለ። መነጽራቸውን አድርገው አነበቡ። መሞታቸው ተነግሯቸው፣ ወንበር እንዲያወጡም ታዘዋል። ወዲያው ስልካቸው ጠራ፤ የዕድሩ ጸሐፊ ነበር፤ ሬሳው የት እንዳለ የሚነግረው ሰው ፈልጎ ነው።

«አቤት» አሉ ጋሽ መሸሻ።

ከወዲያ በኩል አንዴ «በስመ አብ» ተባለና መስመሩ ተቋረጠ። ደግመው ቢደውሉ አያነሳም። የእትዬ አልማዜም ስልክ ተይዟል።

ሔለን መድረክ ላይ ሆና «ሰርዘው» አለችው የኔሰውን።

«መሰረዣ የለውም» አለ የኔሰው። ሞት ይሰረዛል ብሎ ያሰበ አልነበረም።

ዳኞቹን ይቅርታ እንኳ ሳይጠይቁ ሦስቱም ደረጃውን ሮጠው ወርደው ላዳ ያዙ። መንገዱ ተዘጋግቷል። የኔሰው ማስተባበያ ለመላክ ሞከረ፤ መተግበሪያው የሚያውቀው አንድ ዓይነት መልእክት ብቻ ስለሆነ ግን ለዕድሩ የደረሰው «አቶ መሸሻ አለመሞታቸውን በታላቅ ሐዘን እንገልጻለን» የሚል ነበር። ጋሽ መሸሻ ይህንንም በስልካቸው አነበቡት።

«ያዘናችሁ እናንተ ናችሁ ወይስ ዕድሩ ነው?» አሉ።

ባለ ላዳው «ምን ሆናችሁ ነው እንዲህ የምትጣደፉት?» አለ።

«ለቅሶ ነው።»

«ነፍስ ይማር። የማን ነው?»

«የእኔ።»

ሰውየው 18 ማዞሪያ እስኪደርሱ በመስታወቱ እየሰረቀ ሲያያቸው ነዳ።

«በታላቅ ሐዘን» የሚለውን ያየ ሰው ሌላውን አላነበበም፤ ሲደርሱ ድንኳኑ ቆሟል። አምፖሉ ተዘርግቷል፣ ንፍሮው ተጥዷል፣ ሴቶቹ እያለቀሱ ነው። የድንኳኑን ካስማ በመዶሻ የሚመታው ደሜ ነው፤ በአጥር ግንብ ተጣልተው ከጋሽ መሸሻ ጋር ለዓመታት ሰላምታ እንኳ ያልተለዋወጡት ጎረቤታቸው። እንባው በጉንጩ ላይ ይወርዳል፣ እሱ ግን ይመታል። ጋሽ መሸሻ ከኋላው ቆመው ትንሽ አዩት።

«ካስማው ጠምሟል» አሉ።

ደሜ ዞረ። መዶሻው ከእጁ አመለጠ። አንዲት ሴት ጮኸች፣ ሌላዋ ወንበር ይዛ ወደቀች። ደሜ ግን ከላይ እስከ ታች አያቸው፣ «ተጠቃሚ» የሚለውን ወረቀትም አነበበ፣ እንባውንም በክንዱ ጠረገ።

«ቆመህ ከምታይ ገመዱን ያዝልኝ» አላቸው።

ያዙለት።

እትዬ አልማዜ ከቤት ሲወጡ ሰው መንገድ ለቀቀላቸው። ቀስ ብለው መጡና የባላቸውን ፊት በሁለት እጃቸው ዳሰሱት። ከዚያ በጥፊ አሉት።

«ኩርፊያችንን ሳንፈታ ሞተብኝ ብዬ» አሉና በባላቸው ደረት ላይ ተደፍተው እንደ አዲስ ያለቅሱ ጀመር። ጋሽ መሸሻ ጉንጫቸው ቀልቶ «አጥፍቻለሁ» አሉ። በምሳው ነገር ይሁን በመሞታቸው ግልጽ አልነበረም።

ዕድርተኛው ወደ ቤቱ ቢሄድ ጥሩ ነበር፤ ንፍሮ ተቀቅሎ ግን አይደፋም፤ ወንበርም ወጥቶ ሳይቀመጡበት አይገባም። ተቀመጡ። የኔሰው ስህተቱን ሲናዘዝ ጸሐፊው በየመሃሉ ክርስቶስን ይጠራል። እትዬ አልማዜ ሔለንን አጠገባቸው አስቀምጠው እፍኝ ንፍሮ ሰጧት።

«ስሚ ልጄ፣ መርዶ በስልክ አይነገርም። ሊጥ እያቦካሁ ነው ያነበብኩት። ሰው ነው የሚላክ፤ ያውም ማለዳ፣ ያውም ሁለት ሦስት ሆኖ፣ እንዳልወድቅ የሚይዘኝ።»

ሔለን ስለ ገበያው ብዙ የምትለው ነበራት። ተወችው። «ለቤተሰብ እንዳይልክ እናደርገዋለን፣ እትዬ» አለች። «ለእናንተ ሰው ይመጣል።»

«እሱማ ድሮም ይመጣ ነበር» አሉ እትዬ አልማዜ፤ ንፍሮም ጨመሩላት።

ከድንኳኑ ጥግ ካርታ ወጣ። ጋሽ መሸሻ በገዛ ለቅሷቸው ላይ ተቀምጠው ሁለቴ ተሸነፉ፤ ደሜ እንደሚያጭበረብር እያዩም አለፉት። ይህን ጊዜ ዘርዓብሩክ ለሔለን ደወለ። ውድድሩን ያሸነፈው የውሾቹ ኬክ መሆኑን ነገራትና ዳኞቹ ግን የጥሩምባን ነገር መጨረሻ ለመስማት ጓጉተዋል አለ። «አሁን የት ናችሁ?»

«ለቅሶ ላይ ነን» አለች ሔለን።

ስልኩን ዘግታ ወንበሯን ወደ ተጫዋቾቹ ሳበች፤ የኔሰውም ጠጋ አለላት።