ሁሉም መብራት አረንጓዴ ነው

1. የመብራቶቹን ቀለም ይመልከቱ

አረንጓዴ ናቸው። አንድም ሳይቀር። አንዳርጌ ይህን ስለሚያውቅ የዋይፋይ ራውተሩን በሰውነቱ ጋርዶ ቆሟል። ከኋላው ጎረቤቱ እትዬ የሺመቤት ስልካቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ሶፋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብለዋል።

«ታዲያ ምኑን ነው ያመመው?» አሉ፣ በሽተኛ እንደሚጠይቅ ሰው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

«እያየሁት ነው እትዬ።»

2. መሣሪያውን አጥፍተው ይጠብቁ

አጠፋው።

ይጠብቁ።

እስኪበራ ድረስ፣ አንባቢዬ፣ ጉዱን ልንገርዎ። ራውተሩ ምንም አልሆነም። አንዳርጌ ባለፈው ሰሞን በስልኩ ኳስ ሲያይ፣ ፍጹም ቅጣት ምት ሊመታ ሲል ምስሉ ቀጥ አለበት። «ሰፈሩ ሁሉ እየጠባው እንዴት ይፍጠን!» ብሎ በንዴት የይለፍ ቃሉን ቀየረ። ሰፈሩ ሁሉ ያላቸው እትዬ የሺ ናቸው፤ ከእሳቸው ሌላ የሚጠቀም አልነበረም። በማግስቱ በአጥሩ በኩል ሲጠይቁት «ተበላሽቷል» አላቸው። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል። የእሱ ግን እያደር ከበደው።

3. የተገናኙ ስልኮች

የአንዳርጌ።

የእትዬ የሺ (ተቋርጧል)።

የእትዬ የሺ ስልክ ሥራው አንድ ነው። ልጃቸው አያልነሽ ቤይሩት ሰው ቤት ትሠራለች፤ እሑድ እሑድ በዋይፋይ ትደውልላቸዋለች። ይህንን ራውተር ከመሄዷ በፊት የገጠመችውም እሷ ናት። አንዳርጌ ገመዱ የት እንደሚሰካ እንኳ አያውቅም ነበር። «እንዳይጠፋዎት ጋሼ» ብላ የራሷን ስም የይለፍ ቃል አደረገችለት።

የሰረዘው ያንን ስም ነው።

4. ወደ ማስተካከያው ገጽ ይግቡ

የሺመቤት፦ አስቸገርኩህ አይደል?

አንዳርጌ፦ ኧረ ምን ችግር አለው!

የሺመቤት፦ ሁለት እሑድ ድምጿ ቢጠፋብኝ ነው።

አንዳርጌ፦ አሁን ይሠራል እትዬ።

የሺመቤት፦ ይሄ ሳጥንህ ከተነሣ ጧፍ አስገባለሁ ብዬ ለገብርኤል ተስያለሁ።

(አንዳርጌ መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። ላልታመመ ሳጥን ስለት!)

5. አዲስ የይለፍ ቃል ያስገቡ

«እትዬ፣ እኔ ነኝ የዘጋሁብዎት» ሊል አሰበና ተወው። የድሮውን ቃል ቢመልስ ስልካቸው ራሱ አስታውሶ ይገናኛል፤ ማንም ምንም አያውቅም። እርስዎስ ቢሆኑ ምን ያደርጉ ነበር? እሱ ያደረገው ይህንን ነው። የልጅቱን ስም ጻፈ።

6. ግንኙነቱን ያረጋግጡ

ስልኩ ጮኸ። ደግሞ ጮኸ። ደግሞ።

እትዬ የሺ እልል አሉ። ማንበብ ስለማይችሉ አያልነሽ መልእክት የምትልክላቸው በድምፅ ነው። የመጀመሪያውን ከፈቱት።

«እማ፣ ምነው አታነሺም?»

ቀጠሉ።

«እማ፣ አሠሪዎቼ አገር ሊቀይሩ ነው፤ ይዘንሽ እንሂድ ይሉኛል። እዚያ ስልክ መያዝ አይፈቀድልሽም አሉ። ልሂድ ወይስ ልቅር? የምትይኝን ነው የማደርገው።»

የመጨረሻው የዛሬ ጠዋት ነው።

«እማ፣ መልስሽን ባጣ እሺ አልኳቸው። መኪና ውስጥ ነን፤ ስልኩን ሊቀበሉኝ ነው። ምናልባት ዋይፋዩ ተበላሽቶ ከሆነ ለጋሼ አንዳርጌ ንገሪያቸው። እሳቸው አይጨክኑብሽም።»

ደወሉላት። ዝግ ነው። ደግመው ደወሉ።

ዝግ ነው።

7. ችግሩ ምን ነበር?

እትዬ የሺ አላለቀሱም። ስልኩን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው ቀና አሉና፣ ከአንዳርጌ ትከሻ አልፈው የሚበሩትን አረንጓዴ መብራቶች አዩ።

«ለመሆኑ ልጄ፣ ምኑ ነበር የተበላሸው?»

«



»