አሥራ ስምንት ገጽ

ያ ክረምት ክፉ ነበር። መብራት ሁለት ሰዓት በርቶ ሁለት ሰዓት ይጠፋል። የመንደሩ ሱቅ መደርደሪያ ላይ ጨውና ኮምጣጤ ብቻ ቀረ። ዳቦ በወረፋ፣ ዘይት በኩፖን ሆነ። በኅዳር የመጣው እንጨት እርጥብ ነበር፤ እሱም በጥር አለቀ። ሰው መጀመሪያ አጥሩን ነቅሎ አነደደ፤ ቀጥሎ የፍየል ጋጣውን በር። ሁለት ሽማግሌዎች በየአልጋቸው ደርቀው ተገኙ፤ መሬቱ ድንጋይ ሆኖ ዶማ አልቀበል ስላለ ለመቀበር አምስት ቀን ጠበቁ። በየካቲት አንድ ቀን ጠዋት ጫማ ሰፊው ስታሜን ከሚስቱ መጽሐፍ መጨረሻ አሥራ ስምንት ገጽ ቀደደና ምድጃ ውስጥ ከተተ።

ይህ ከሆነ ሠላሳ አራት ዓመት አለፈ። ሚስቱ ኔዳ ደግሞ ከሞተች ዛሬ ሦስተኛ ቀኗ ነው።

በሩ ላይ ጥቁር ጨርቅ ተሰቅሏል። ከሥሩ ዙሪያው ጥቁር የሆነ፣ ፎቶዋ ያለበት የሞት ማስታወቂያ ተለጥፏል። ያው ወረቀት አውቶቡስ ማቆሚያውም ላይ፣ ዳቦ ቤቱም ላይ፣ ዕድሜዋን ሁሉ ለመንደሩ ሰው መጽሐፍ ስታውስ በኖረችበት በንባብ ቤቱም በር ላይ አለ። “ኔዳ፣ የንባብ ቤት ሠራተኛ” ይላል። ማስታወቂያውን የምታትመው ልጅ፣ “‘ውድ’፣ ‘የማትረሳ’ ምናምን አይጨመርበትም?” ብትለው ስታሜን፣ “የሚያውቃት ያውቃታል” ብሏት ነው የወጣው።

ለቀስተኛው እየገባ፣ ስኳርና የተወቀጠ ዋልነት ከተነሰነሰበት የስንዴ ንፍሮ አንድ አንድ ማንኪያ እየቀመሰ “ነፍስ ይማር” ይላል። ጎረቤቲቱ ፔና ጥግ ይዛ ከጎኗ ላለችው ሴት ታንሾካሹካለች። የፔና ሹክሹክታ ግን እስከ ደጅ ይሰማል።

“መጽሐፍ ደረቷ ላይ እንደተከፈተ ነው አሉ የሞተችው።”

“የጸሎት?”

“የምን ጸሎት! የልጆች ነው እንጂ። ዘንዶ፣ ጠንቋይ፣ ከቤቱ የጠፋ ልጅ… በሰባ አምስት ዓመቷ!”

“እኔን! ወልዳ ቢሆን ኖሮ እኮ…”

“እሱን ነው የምልሽ።”

ስታሜን ጥርሱን ነከሰ። ያናደደው ሐሰት መሆኑ አይደለም። እሱ ራሱ ኀምሳ ዓመት ሙሉ ሲላት የኖረውን ከሰው አፍ መስማቱ ነው።

ከንቲባው ቶንቾ ባርኔጣውን አውልቆ ገባ። አርባ አምስት ዓመት የሞላው፣ ሆዱ የቀደመው ሰው ነው። ንፍሮውን አንዴ ቀመሰ፣ ደገመ፣ ወንበር ስቦ ከስታሜን አጠገብ ተቀመጠ።

“ነፍስ ይማር፣ ጋሼ ስታሜን። ትልቅ ሰው ነው ያጣነው።”

“አብሮ ይማር።”

“እ… ጊዜው እንኳ አልነበረም። ግን ከከተማ እየጮሁብኝ ነው። የንባብ ቤቱ ጣሪያ ያፈሳል። አርባቸው እንዳለፈ መኪና ይመጣል። ደህና ደህናውን መጽሐፍ ይወስዱታል፤ የተጎዳው ወደ ወረቀት ፋብሪካ ነው።”

“የተጎዳ የምትለው የቱን ነው?”

“የረጠበ፣ የተቀደደ፣ ገጽ የጎደለው ነዋ! መጨረሻ የሌለው መጽሐፍ ምን ይሠራል፣ ጋሼ?”

ስታሜን ዞሮ አየው።

“ቶንቾ፣ አፍህ ውስጥ ያለው የእሷ ንፍሮ ነው። መጀመሪያ እሱን ዋጥ።”

*

መጨረሻ የሌለው መጽሐፍ በመንደሩ አንድ ብቻ ነው፤ መጨረሻ ያሳጣውም ስታሜን ነው።

ያን ጊዜ ኔዳ አርባ አንድ ዓመቷ ነበር። ለልጅ የምታውሰውን መጽሐፍ ሁሉ አስቀድማ ራሷ ታነበዋለች። ያ መጽሐፍ ስለ አንዲት የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ነው። የአገሯ ወንዝ ከአንድ ትልቅ በር ኋላ ታስሯል፤ ልጅቷ ቁልፉን አንገቷ ላይ አስራ በሩን ፍለጋ ሦስት ዓመት በእግሯ ትሄዳለች። ኔዳ እሱን ስታነብ ያለቻቸውን ባቄላ አሳረረች። ስታሜን ሌሊቱን ሆዱ ባዶ፣ ቂሙ ሙሉ ሆኖ አደረ። ጠዋት እሷ ዳቦ ልትሰለፍ ወጣች። ምድጃው በረዶ ሆኗል። መጽሐፉ ጠረጴዛው ላይ አለ፤ የደረሰችበትን ገጽ ከእሱ ሥራ ቤት በወሰደችው የጫማ ማሰሪያ ምልክት አድርጋበታለች።

ያነበበችውን አልነካም። “ያነበበችው የእሷ ነው፤ ወዳዋለች። ያላነበበችውን ግን አታውቀውም፤ የማያውቁት ነገር አይናፍቅም” ብሎ አሰበ። መጽሐፍ አንብቦ የማያውቅ ሰው ብቻ እንዲህ ያስባል። ከማሰሪያው በኋላ ያለውን፣ ዘጠኝ ወረቀት፣ በቢላ ልኩን ቆርጦ አወጣ።

እርጥቡ እንጨት ቶሎ አልያዘም። አንድ ወረቀት ሊከት ሲል ዓይኑ ጽሑፉ ላይ አረፈ። የተማረው እስከ ሰባተኛ ክፍል ነው፤ ሲያነብ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። ልጅቷ በሩ ጋ ደርሳለች። የጫማዋ ሶል አልቋል። “በአንድ ጫማ ሦስት ዓመት? ማን የሰፋው ነው?” ብሎ ተበሳጨ። ሆኖም ወረቀቱን ሳይጨርስ እሳት ውስጥ መክተት አቃተው። ከዚያ ወዲያ እያንዳንዱን ግራና ቀኙን አንብቦ ነው የከተተው። የዳቦው ወረፋ ረጅም ነበር። ኔዳ ግማሽ ዳቦ ይዛ ስትመለስ ቤቱ ሞቋል፤ ባሏ ጀርባውን ለበሩ ሰጥቶ ዓይኑን ያሻል።

“ጭሱ ነው” አላት።

መጽሐፉን አነሳች፤ በጣቷ የተቆረጠውን ዳር ዳሰሰች። አልጮኸችም። ከቦርሳዋ የንባብ ቤቱን ካርድ አወጣችና ጻፈችበት፦ ስታሜን፣ ጫማ ሰፊ። የተዋሰው፦ 18 ገጽ። የመለሰበት ቀን፦ ከዚህ ቀጥሎ ያለውን ባዶ ተወችው። ካርዱን ከምድጃው በላይ ግድግዳው ላይ ሰካችው። ለሠላሳ አራት ዓመት ቤቱ ሦስት ጊዜ ቀለም ተቀባ፤ ካርዱ በየጊዜው ወርዶ በየጊዜው ተመለሰ።

መጽሐፉን ያሳተመው ድርጅት በዚያው ዓመት ተዘጋ። ለከተማው ቤተ መጻሕፍት ጻፈች፤ የለም አሏት። መጽሐፉን ግን ከመደርደሪያው አላወጣችውም። አንብቦ እዚያ የደረሰ ልጅ ሁሉ ወደ ወጥ ቤቷ ይመጣል። “እትዬ ኔዳ፣ ከዚያስ?” ትንሿ በርጩማ ላይ፣ ወረቀቱ የነደደበት ምድጃ አጠገብ ታስቀምጠውና መጨረሻውን ትነግረዋለች። ልጅ ሲመጣ ስታሜን ይነሳል፤ ሥራ ቤቱ ገብቶ በሩን ይዘጋል፤ የሚቸነከር ባይኖር እንኳ ይቸነክራል። እውነተኛውን መጨረሻ ያወቀ ሰው ፈጠራውን ቁጭ ብሎ መስማት አይችልም።

በእነዚያ ዓመታት ሁሉ ሦስት ጊዜ ጠይቃዋለች። የመጨረሻው ባለፈው መከር ነው፤ ደጅ አግዳሚ ወንበሩ ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ።

“ስታሜን፣ ያን ቀን ስትቆርጠው ዓይንህ አንድ ቃል ላይ እንኳ አላረፈም?”

“እኔ የማነበው የጫማ ቁጥር ነው።”

“እንግዲያው በነፃ ነው የሞቅኸው” አለችና ሳቀች።

እሱ አልሳቀም። አንድ ቃል ቢናገር፣ የልጆች መጽሐፍ አንብቦ ማልቀሱን መናገር ሊሆንበት ነው። ሳይነግራት ቀረ። በጥር ሞተች።

*

በዘጠነኛው ቀን የዳቦ ቤቷ ራሊና ትኩስ ዳቦ ይዛ መጣች። እናቷ የሞተችው ራሊና ዘጠኝ ዓመቷ ሳለ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ያደገችው በንባብ ቤቱ ነው ቢባል ይቀላል። ቶንቾም ወረቀትና እስክሪብቶ ይዞ ደረሰ፤ የተጎዱትን መጻሕፍት ዝርዝር ጀምሯል። አንደኛ ላይ የጻፈው የወንዙን መጽሐፍ ነው።

“እሱን አትንካ” አለች ራሊና። “መጨረሻውን ሁላችንም እናውቀዋለን። እኔ እጽፈዋለሁ።”

“ጻፊዋ! አባትየው ከበሩ ኋላ ቆሞ ሲጠብቃት…”

“የምን አባት?”

“የልጅቷ አባት ነዋ! በሩን ስትከፍት ‘ዘገየሽ’ አላት። ‘እኔም መንገድ ጠፍቶኝ ነበር’ አላት።”

“አብደሃል? ከበሩ ኋላ ማንም የለም! ባዶ ግቢ ነው። ልጅቷ ግቢውን ጠርጋ፣ እሳት አንድዳ ተቀመጠች። ጭሱን አይተው ሰዎች አንድ በአንድ መጡ። እትዬ ኔዳ በአፋቸው ነው የነገሩኝ።”

“እኔንም በአፋቸው ነው! እዚችው በርጩማ ላይ!”

ሁለቱም ወደ ስታሜን ዞሩ። “ጋሼ፣ እርስዎ ይፍረዱን። የቱ ነው?”

ስታሜን የቶንቾን አባት ያውቀዋል። ልጁ አሥር ዓመት ሲሞላው ለሥራ ብሎ ግሪክ ሄደ፤ በዚያው ቀረ። ስታሜን አንዱን አየ፣ ሌላዋን አየ። ኔዳ አንድ መጨረሻ ፈጥራ ለሁሉም የምትደግም ይመስለው ነበር። ለካ ለእያንዳንዱ እንደ እግሩ ልክ ነበር የምትሰፋው። የእህቷ ልጅ ከከተማ መጥታ “በኮምፒውተር ልፈልግልሽ?” ስትላት፣ “ተይው፣ አሁን የልጆቹ ሆኗል” ያለችውም ያን ጊዜ ገባው።

ንዴቱ ከእግሩ ተነስቶ ጭንቅላቱ ላይ ወጣ።

“ውጡ” አለ።

“ጋሼ፣ ምን አጠፋን?”

“እሷ አባትህን ከበሩ ኋላ አቆመችልህ፤ አንተ መኪና ታመጣባታለህ! ውጣ ብያለሁ!”

ቶንቾ ቀላ። ወጣ። ራሊናም ዳቦዋን አስቀምጣ ተከተለችው።

ስታሜን ብቻውን ቀረ። የቀረው ንዴት የሚወርድበት ሌላ ሰው አልነበረም። ለሁሉም ልጅ መጨረሻ ሰጠች፤ ለእሷ የሚሰጥ አንድ ሰው ነበር፤ እሱም ሥራ ቤቱ ገብቶ ይቸነክራል። “አንተ ድንጋይ!” አለ ጮክ ብሎ። “አንተ የተረገምክ ድንጋይ!”

በማግስቱ ጠዋት ከሥራ ጠረጴዛው ላይ ቆዳውን አነሳ፤ ወረቀትና የእሷን እርሳስ አስቀመጠ። ሁለት ቃል ይጽፋል፣ አንዱን ይፍቃል። ሆኖም መጨረሻው አልጠፋበትም። ወረቀቱን ካነደደበት ቀን ወዲያ ሌላ መጽሐፍ አላነበበም፤ ስለዚህ የሚደባለቅበት ነገር አልነበረውም።

*

በአርባኛው ቀን መቃብሯ ላይ ተሰበሰቡ። በረዶው መቅለጥ ጀምሯል፤ መሬቱ ጭቃ ነው። ቄሱ ጸሎቱን አደረሱ፤ ወይን አፈሩ ላይ ጠብ ተደረገ፤ ንፍሮው ዞረ። ሰው ሊበተን ሲል ስታሜን ከካፖርቱ ውስጥ መጽሐፉን አወጣ። መጨረሻው ላይ ዘጠኝ አዲስ ወረቀት በሰም በተቀባ የጫማ ክር ተሰፍቷል። ባርኔጣውን አወለቀና ወደ መቃብሩ ዞሮ ማንበብ ጀመረ።

“ምን ሆነ ሰውዬው?” አለች ፔና። “የልጆች ተረት! በመቃብር ላይ!”

“ፔና፣ ብርድ ከበረደሽ ቤትሽ ሂጂ” አላት፤ ዓይኑን ከወረቀቱ ሳያነሳ። ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ፣ ቃል በቃል ቀጠለ።

ረጅም ጊዜ ፈጀ። ግማሹ ሰው ሄደ። ፔና እያጉረመረመች ቆየች፤ ለመሄድ ግን አልተንቀሳቀሰችም። ልጅቷ በሩ ጋ ደረሰች። ቁልፉ አንገቷን አቁስሏል። ቁልፉን ብትሞክር አልገባም። ተናዳ በሩን በእርግጫ መታችው፤ በሩ ተከፈተ። ቀድሞውንም አልተቆለፈም ነበር። ሰው ፈርቶ ሳይነካው ኖረ እንጂ የዘጋው አልነበረም። ልጅቷ መጀመሪያ በንዴት አለቀሰች። ከዚያ ያለቀውን ጫማዋን አውልቃ፣ ከእሷ በኋላ ለሚመጣ ሰው ምልክት እንዲሆን ደጃፉ ላይ አጋጥማ አስቀመጠችው፤ በባዶ እግሯ ወደ ውኃው ገባች።

“አለቀ” አለ ስታሜን። “ይኸው ነው፣ ኔዳ። አንብቤው ነበር።”

ራሊና ፊቷን በሻርፗ ይዛለች። ቶንቾ ከኋላ ቆሞ ነበር፤ ዝርዝሩ ከኪሱ ብቅ ብሏል። ጭቃውን እየረገጠ ቀረበ።

“ጋሼ” አለ። “አባትየው… የለም ማለት ነው?”

“በዚህኛው የለም። በአንተኛው አለ። ያም የእሷ ነው፤ አትጣለው።”

ቶንቾ መጽሐፉን አየ። “ልዋሰው?”

ስታሜን አላመነውም። የሰፋውን የመጽሐፉን ዳር በአውራ ጣቱ ዳሰሰ። ከዚያ ሰጠው።

“ሁለት ሳምንት” አለው፣ ልክ እንደ እሷ። “እንዳታሳልፍ።”

ከደረት ኪሱ ካርዱን አወጣ። የምድጃው ጢስ አጠይሞታል። አንድ ጉልበቱን ጭቃው ላይ አንበርክኮ ካርዱን የመስቀሉ እንጨት ላይ አስደገፈ፤ እርሳሱን በምላሱ አረጠበና ባዶው ቦታ ላይ፣ የጫማ ቁጥር እንደሚጽፍ አድምቆ፣ የዕለቱን ቀን ጻፈ።