ብቻቸውን ይነሳሉ?

ልጅየዋ የሠራችው ስሕተት ቤቱን ማጽዳቷ ነው። ልጅ ማለት እንግዲህ የስድሳ ስምንት ዓመት፣ ጡረታ የወጣች ልብስ ሰፊ ናት፤ እናቷ ዘጠና አራትን ዘልቀዋል። የማኅበራዊ አገልግሎት ቢሮ ገምጋሚ ረፋድ ላይ ትመጣለች በተባለው ቀን በማለዳ ተነሥታ አንሶላ ቀየረች፣ የሽንት ጨርቅ የተዘፈዘፈበትን ባልዲ ከበር ኋላ ደበቀች፣ እናቷን አጥባና አበጥራ ደህናውን ሹራብ አልብሳ መስኮቱ ሥር አስቀመጠቻቸው። ገመና ለእንግዳ አይታይም ተብላ ነው ያደገችው። ስትጨርስ ወገቧ አልቃና አላት።

የምትፈልገው በሳምንት ሦስት ጠዋት መጥቶ እናቷን የሚያነሳና የሚያጥብ ረዳት ነው። መፍቀድና መከልከል የገምጋሚዋ ፋንታ ነው።

ገምጋሚዋ ፊቷ ደግ፣ እግሯ የዛለ ሴት ነበረች። ቅጿን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ፣ እማማ ራስዎ ይበላሉ ወይ ብላ ጠየቀች። እበላለሁ አሉ። እውነት ነው፣ ይበላሉ። አንድ ሳህን ሾርባ አንድ ሰዓት እንደሚፈጅ፣ ትን እንዳይላቸው አጠገባቸው ቁጭ ብሎ የሚጠብቅ ሰው እንደሚያስፈልግ ግን ቅጹ አይጠይቅም። «ይችላሉ» እና «አይችሉም» የሚሉ ሁለት ሣጥኖች ብቻ አሉት። ያዘጋጀው ሰው በዕድሜው አንድ አዛውንት አጥቦ እንደማያውቅ ያስታውቃል። መታጠቡንም እችላለሁ አሉ። ስለ መልበስ ስትጠይቃቸው፣ «ታዲያ ራቁቴን አገኘሽኝ እንዴ ልጄ?» አሏት። ገምጋሚዋ ሳቀችና ምልክት አደረገች።

ልጅየዋ ከወንበሩ ኋላ ቆማ ትሰማለች። ብትናገር እናቷን በሰው ፊት ማዋረድ ነው፤ ዝም ብትል ረዳቱ ቀረ።

«ከወንበር ብቻዎን ይነሳሉ?»

«ምን ገዶኝ!» አሉና ሊያሳዩ ወደ ፊት ዘንበል አሉ። የልጅየዋ እጅ ባለቤቱን ሳይጠይቅ ሄዶ ብብታቸው ሥር ገባ። አራት ዓመት ሙሉ እንዲሁ ሲገባ ኖሯል፤ እናትየው መኖሩን ከረሱት ቆይተዋል።

ገምጋሚዋ አየች። «እትዬ፣ እስቲ እጅዎን ያንሱት» አለች ቀስ ብላ።

አነሳች። እናትየው የወንበሩን መደገፊያ ይዘው ገፉ፤ ደግመው ገፉ፤ ጉልበታቸው እንቢ አለ። ተመልሰው ዘፍ አሉ። ዞረው ልጃቸውን ተመለከቱ፤ ሽበቷን፣ ወገቧን ደግፎ የያዘውን ግራ እጇን። ብዙ ዘመን ያላዩዋት ይመስል ነበር።

«በይ ጻፊ» አሉ ለገምጋሚዋ። «አልነሳም። የምታነሳኝ እሷ ናት፤ እሷም አርጅታለች።»

ለልጅ እርጅና ሣጥን የለም። ገምጋሚዋ ወረቀቱን አገላብጣ ስታጣ በጠባቡ ኅዳግ ላይ ጻፈችው፤ ከሥሩም ሦስት ጠዋት ብላ አከለች። እናትየው፣ ጽፈሽ ከጨረስሽ ነይ በዚህ በኩል ያዢኝና ልሸኝሽ አሏት። ሁለቱ ግራና ቀኝ ገቡ። ልጅየዋ ከአራት ዓመት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ የእናቷን ግማሽ ብቻ አነሳች። ግማሹም ከባድ ነበር።