ትናንት ምን በሉ?

በሰፈራችን ውሸታም ሴት የለችም ብዬ እምል ነበር። ለካ አርባ ቅጽ ስሞላ አርባዎቹም ዋሽተውኛል፤ ያሳደገችኝ አክስቴ ደግሞ አንደኛ ወጥታለች።

ሥራችን ሲያዩት ቀላል ነው። ቤት ለቤት እየዞርን እናቶችን «ትናንት ምን በሉ?» ብለን እንጠይቃለን፤ የጠሩትን ሁሉ እንጽፋለን። አመጋገብ የሚያጠናው ቢሯችን በመልሱ መሠረት ከአሥራ አንድ ሰፈሮች በጣም የጎደለባቸውን ሦስቱን ይመርጣል። ለተመረጠ ሰፈር የጓሮ አትክልት ዘርና የውሃ ቧንቧ፣ ለእናቶችና ለሕፃናት ደግሞ በየሳምንቱ እንቁላልና ወተት ይደርሳል። ሰፈሬን ለእኔ ስጡኝ ብዬ የተሟገትኩት ራሴ ነኝ። «ያሳደጉኝ ሴቶች ናቸው፤ ለእኔ ያልነገሩትን ለማን ይነግራሉ?» አልኩ። ምላሴን በቆረጠው!

ሰኞ ጠዋት አለቃችን ዶክተሩ ውጤቱን ይዘው ገቡ። የእኔ ሰፈር ከጠገቡት ሁለተኛ ሆኖ ቁጭ ብሏል። የበለጡን የባለ ቪላዎቹ ብቻ ናቸው።

«እንኳን ደስ አለሽ፤ ሰፈርሽ እርዳታ አያስፈልገውም» አሉኝ።

ምን ደስ ይለኛል? የሰፈሬን ሕፃናት ክንድ በሜትር የለካሁት እኔ ነኝ፤ የከሳውን አውቃለሁ። ቅጾቹን ገለጥኩ። አክስቴ፦ ጠዋት እንቁላል፣ ምሳ ሩዝ በሥጋ፣ ማታ ዓሣ። ዓሣ! ልትበላው ቀርቶ ሽታው ካለበት መንገድ የምትሸሽ ሴት! ስጽፈው ምን ነክቶኝ እንደነበር እንጃ።

ምሳ ሰዓት ሳይደርስ ቤቷ ነበርኩ። ምስር እየለቀመች ነው።

«አክስቴ፣ ዓሣውን ማን አጠመደልሽ?»

ቀና አላለችም። «ታዲያ ምን ልበልሽ? ያስተማርኩሽ ልጅ እስክሪብቶ ይዘሽ ፊቴ ቁጭ ስትዪ፣ ጾሜን ዋልኩ ልበልሽ? ከአፍሽ ቆርሰሽ ልታመጪልኝ?»

«ሌሎቹስ?»

«ተነጋግረን ነው። ልጃችን ናት፣ አለቆቿ ፊት አናዋርዳት ተባባልን።»

ጮህኩባት። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም! የምትደብቁት ለእኔ መስሏችኋል? ዓርብ ዝርዝሩ ይዘጋል፤ የጎረቤትሽ መንትዮች ወተት ይቀርባቸዋል!»

ምስሩን መልቀም ተወችና «ባዳ ላኪልኝ» አለች። «ለባዳ እናገራለሁ። ሌሎቹንም እኔ አናግራቸዋለሁ።»

ተመልሼ ዶክተሩ ቢሮ ሳላንኳኳ ገባሁ። «ቁጥሩ ውሸት ነው፤ የሰበሰብኩትም እኔ ነኝ። ይደገም።»

«ጥፋቱ በስምሽ ይመዘገባል።»

«ይመዝገብ። ጠያቂ ያደገበትን ሰፈር አይጠይቅ የሚል ደንብም ይውጣ። ረቂቁን ነገ አመጣለሁ።»

ዶክተሩ ሳያስቡት ሳቃቸው አመለጣቸው። «ሦስት ቀን አለሽ» አሉ።

ከከተማው ማዶ የሚመጣ፣ ዝምተኛው የምንለው ባልደረባችን ተላከ። ቃል የማያባክን ሰው ነው፤ ሴቶቹም ለዝምታው የአርባውንም ቤት ገመና ዘረገፉለት። ሐሙስ ከሰዓት ቅጾቹን ደምረን ስንጨርስ ሰፈራችን ከታች ሁለተኛ ወጣ። ገብተናል! ዝምተኛውን ሳቅፈው ደንግጦ እንደ ግንድ ደረቀ።

ከዚያ የአክስቴን ቅጽ ፈለግሁ። ጠዋት ሻይ። ምሳ ዳቦ። ማታ ሻይ። ከታች የመጨረሻው ጥያቄ አለ፦ በቤቱ ምግብ ሲያንስ ድርሻው መጀመሪያ የሚቀነሰው የማን ነው? በዝምተኛው ንጹሕ ጽሕፈት «የእኔ» ይላል። ከመቼ ጀምሮ? «የእህቴን ልጅ ከተቀበልኩ ወዲህ። ሃያ ሁለት ዓመት።»

«ለልጅቷ እንዳትነግራት ብላኝ ነበር» አለ ዝምተኛው። «ግን ቅጹ ይጠይቃል።»

ሰው እያየኝ አለቀስኩ፤ አላፈርኩም። ሲበቃኝ ፊቴን በእጅጌዬ ጠርጌ የሰፈሬን ስም ዝርዝሩ ላይ በእጄ ጻፍኩና ወደ ዶክተሩ ቢሮ ይዤው ሄድኩ።