አሥራ ሁለተኛው ክር

ሰሌዳው ላይ አሥራ አንድ ቀይ ክሮች ተሰክተዋል። አሥራ ሁለተኛው እስፒል ባዶውን ቆሟል።

እትዬ ቀስ ደግማ ቆጠረች። ቅጽል ስሙን ያወጡላት የስፌት ክፍሉ ሰዎች ናቸው፤ ሁሉን ነገር ሦስት ጊዜ ካላየች ነፍሷ አትረጋም። ቀዩ ክር ፓራሹቱ ሲታጠፍ እንዳይንሸራተት ለጊዜው የሚያዝበት ነው፤ ከረጢቱ ከመዘጋቱ በፊት እያንዳንዱ ተመዝዞ ሰሌዳው ላይ ይሰካል። ከረጢቱ ግን ጠዋት ተሰፍቷል። የሚወስደው መኪና ደጅ ቆሞ ሞተሩን ያስጮኻል። ፓራሹቱ የሚገጠምላት የጨረቃ መንኩራኩር ዛሬ ካልተሟላች የመምጠቂያ ጊዜዋ ያልፋል፤ ቀጣዩ ከዓመት በኋላ ነው።

«ወለሉ ላይ ወድቆ ተጠርጎ ይሆናላ!» አለ አጣፊው፣ አሥር ዓመት አብሯት የሠራ ሰው። «ለአንዲት ክር አገር ይያዝልኝ ልትይ ነው?»

ይሆናል። ያኔም ለራሷ እንዲሁ ብላ ነበር። ከስድስት ዓመት በፊት የመጀመሪያዋ መንኩራኩር ጨረቃ ደርሳ፣ አፈር ዝቃ፣ ደህና ተመልሳ ደጃፋቸው ላይ ተከሰከሰች፤ አንድ ቀይ ክር እጥፉ ውስጥ ቀርቶ ፓራሹቷ አልተዘረጋም። ያን ክር ሳትመዘው የቀረችው እሷ ናት። ጥርጣሬው ነበራት፤ አፍራ ዋጠችው።

ክሩ ዛሬም ከተቀደደው ጨርቅ ጋር በመስታወት ሳጥን ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። ከሥሩ ስሜ ይጻፋል ብላ ስትሳቀቅ፣ አለቃው በገዛ እጁ እንዲህ ጻፈበት፦ «ጥፋቱ የእኔ ነው። አጣደፍኳት፤ የምትጠይቅበት ፋታ አልሰጠኋትም።» እንዲህ ያለ ሰው ስንት አለ? የክሩን ሰሌዳም በማግስቱ ያሰቀለው እሱ ነው።

ክሩ ባይገኝ የሰው መሳቂያ መሆኗ አንገበገባት። ቢሆንም ስልኩን አንስታ ደወለች።

«አለቃ፣ አንድ ክር ጎድሎኛል።»

«ውስጥ መቅረቱን እርግጠኛ ነሽ?»

«አይደለሁም።»

«በቃ፣ መኪናውን መልሺው። መጣሁ።»

መጣ። መነጽሩን አደረገ፣ ጓንት አጠለቀ፣ ስፌቱን ራሱ ተረተረ። እጥፎቹን በጣቱ አንድ በአንድ እየዳሰሰ ወረደ፤ ስድስት፣ ሰባት፣ ስምንት። አጣፊው የግድግዳውን ሰዓት አየ። ዘጠነኛው እጥፍ ላይ የአለቃው እጅ ቆመ።

«እትዬ፣» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እስቲ እጅሽን ወዲህ አምጪ።»

ጣቷን ከጣቱ ሥር አስገባች። ቀጭን ነበር፣ ከፀጉር ብዙም የማይወፍር። ዓይኗ እንባ አቀረረ፤ ሳትመዘው ጥቂት ይዛው ቆየች።